ከጸበል በፊት

አንቺ እህቴ፣ አንተም ወንድሜ፣ እስቲ ጠጋ በሉና ይችን ነገር ስሙ። ነገሩ የሽንት ነው፤ ገና ሳይጀመር አፍንጫችሁን እንዳትይዙ። ንጉሥም ይሸናል፣ ጳጳስም ይሸናል፤ ልጅ ያሳደገች እናት ደግሞ ስንቱን ዓመት በሽንት ጨርቅ መሃል እንደኖረች ታውቃላችሁ። እግዚአብሔር ያለ ምክንያት የፈጠረው ነገር የለም። ካላመናችሁ የዘንዘልማዋን የፅጌ ማርያምን ነገር ስሙ።

ፅጌ ማርያም አርባ ዓመት ጠላ ጠምቃለች። ባሏ ከሞተ ወዲያ አራት ልጆች ያሳደገችው፣ ያስተማረችውና የዳረችው በጠላ ነው። ዘንዘልማ ዛሬ እንዲህ ቤት በቤት ሳትሆን፣ ገና ማሳ ሳለች፣ ሰው ከባሕር ዳር ድረስ በእግሩ እየመጣ ይጠጣላት ነበር። ጠላዋን ውሃ አይነካውማ። ሌላዋ እንግዳ ሲበዛባት ጋኑ ላይ ውሃ ትደፋለች፤ ፅጌ ማርያም ግን «አልቋል» ብላ በሯን ትዘጋለች እንጂ ቅራሪ በጠላ ስም ሸጣ አታውቅም።

ጠላ ደግሞ ያለ ጭስ አይሆንም። አሻሮው ይቆላል፣ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የአርባ ዓመት ጭስ ቀስ እያለ ደረቷ ውስጥ ቤቱን ሠራ። መጀመሪያ ሳል ነበር፤ ብርድ ነው አለች። ቀጥሎ አክታ መጣ፤ ምች ነው አሏት። ኋላማ ከቤቷ እስከ ባጃጅ መቆሚያው ሁለት ጊዜ ማረፍ ጀመረች፤ ያን ጊዜ እርጅና ነው ብላ ተወችው። ሐኪም ቤት ስትቀርብ ዶክተሩ ሲጋራ ታጨስ እንደነበር ጠየቃት። ፅጌ ማርያም ሰው ሲያጨስ እንኳ ስታይ የምታማትብ ሴት ናት። ስለ ሥራዋ ስትነግረው ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። «እናቴ፣ የእርስዎ ሲጋራ ምድጃው ነው» አላት። የሳንባዋ አየር መተላለፊያ ጠቧል፤ የጠበበው ተመልሶ አይሰፋም፤ እንዳይብስ ግን መያዝ ይቻላል ብሎ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኛት። ከዚያ ወዲያ ኪዲ፣ የመጨረሻ ልጇ፣ ወደ እሳቱ አላስጠጋት አለች፤ ጠመቃውንም ራሷ ተረከበች።

ፅጌ ማርያምን የሚያንገበግባት ግን ሳሉ አልነበረም። ስለት አለባት።

ኪዲ ስትወልድ ደም አልቆም ብሏት ነበር። ሐኪሞቹ ወዲያ ወዲህ ሲሯሯጡ ፅጌ ማርያም ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ፣ «በጣና ደሴት፣ ደቅ ያለሽው አርሴማ፣ ልጄን ከነልጇ ብትሰጭኝ፣ ወርቀ ዘቦ ጥላ በእጄ ይዤ፣ በእግሬ ገብቼ አስረክብሻለሁ» ብላ ተሳለች። ኪዲ ተነሣች፤ የተወለደችውም ልጅ ዛሬ ቤቱን ታምሰዋለች። ጥላውም ተገዛ። አምና በአርሴማ በዓል ዋዜማ፣ መስከረም 28 ቀን፣ ጥላውን አቅፋ ጀልባው መሳፈሪያ ላይ ቆማ ሳለ ትንፋሿ ተያዘ። ደቅ ማደሯ ቀርቶ ሐኪም ቤት ዘጠኝ ቀን ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ተሰክቶ ከረመች። ስትወጣ የነገሯት ነገር እሷን ሳይሆን ኪዲን አስለቀሳት፤ እንዲህ ያለ ግርሻ በመጣ ቁጥር ከሳንባዋ ቆርሶ ይሄዳል፣ የተቆረሰውም አይመለስም አሏት።

ኪዲ ጥላውን እኔ ላድርስልሽ ብትላት፣ ጎረቤት ብትለምናት፣ አይሆንም አለች። ስለቱ በእጄ፣ በእግሬ ነው። አርሴማ ኪዲን የሰጠቻት በወኪል አይደለም።

«እንግዲያው ሐኪሞቹ ሂጂ ካላሉሽ ጀልባ ላይ እግርሽን አታነሺም» አለች ኪዲ። በዚህ ቤት ጠላውን የጠመቀ ነው ሕግ የሚያወጣው፤ ይህን ያስተማረቻት ደግሞ ራሷ ፅጌ ማርያም ናት።

ሰኔ ላይ ጀሊላ መጣች። ጀሊላ የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ነርስ ሆና ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ቤት ተከራይታ፣ ዶክተር አለበል የሚባል ሐኪም በሚመራው ጥናት ላይ ትሠራለች። በጥናቱ ውስጥ ስልሳ አራት ሕመምተኞች አሉ፤ ሁሉም እንደ ፅጌ ማርያም ሳንባቸው የጠበበ። ጀሊላ አንድ ካርቶን የመንከሪያ ወረቀትና የፕላስቲክ ኩባያ ይዛ መጣችና በየጠዋቱ ሽንትዎን በኩባያ ይያዙ፣ ወረቀቱን ይንከሩ፣ ቀለሙን በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ አለቻት።

ፅጌ ማርያም ደረቴን ታመምሁ እንጂ ኩላሊቴን መቼ አልሁ አለች።

«እማማ» አለች ጀሊላ፣ «ሳንባ ሊቆጣ ሲል አስቀድሞ ደም ውስጥ ምልክት ይለቃል። ደሙን ኩላሊት ያጣራዋል፤ ምልክቱም በሽንት ይወርዳል። እርስዎ ገና ሳይሰማዎት ሽንትዎ ያውቃል ማለት ነው። እውነት መሆኑን ለማየት ነው የምንለፋ።»

ወረቀቱ ላይ አምስት ትናንሽ ካሬዎች አሉ። አራቱ የሳንባውን ቁጣ ይመለከታሉ፤ ሲቀሉ ክፉ ነው። አምስተኛው የሽንቱን መወፈርና መቅጠን ይለካል። ኪዲ የስልኩን ነገር አስተማረቻት፤ ፅጌ ማርያምም በየጠዋቱ ገና ከመኝታዋ ስትነሣ ኩባያዋን ይዛ ወደ ጓሮ ትሄዳለች። የማኅበር ጓደኛዋ ወለተ ሚካኤል ይህን ስትሰማ ሳቋን አልቻለችውም። «ስንት ዘመን ጽዋ ስታነሺ ኖረሽ፣ በስተርጅና የሽንት ኩባያ ታነሺ ጀመር?» እያለች በሰው ፊት ትነካካታለች።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት፣ ፅጌ ማርያም ምንም ሳይሰማት፣ አራቱም ካሬዎች እንደ በርበሬ ቀሉ። ጀሊላ ፎቶውን እንዳየች ደወለች፣ በዚያው ቀን የሚዋጥ መድኃኒት አመጣችላት። በሦስተኛው ቀን ሳሉ መጣ፤ ግን መድኃኒቱን ተዘጋጅቶ ሲጠብቀው አገኘውና አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ሐኪም ቤት አልተኛችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፅጌ ማርያም ለጎረቤት ሁሉ፣ «የኔ ሽንት ነቢይ ነው» እያለች ማውራት ጀመረች። ዶክተር አለበልም ቃል ሰጣት፤ ከመስከረም 14 እስከ 27 ወረቀቱ ሳይቀላ ከቆየ ደቅ መሻገር ትችላለች።

ከዚያ ጳጉሜን ገባች።

የእኛን አገር ጳጉሜን ታውቁታላችሁ። ሰው ሁሉ ገና ሳይነጋ ወደ ጸበል ነው። ፅጌ ማርያምም ከወለተ ሚካኤል ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ወዳለው ጸበል በባጃጅ ትሄዳለች። ትጠመቃለች፣ በባዶ ሆዷም ሁለት ጆግ ሙሉ ትጠጣለች። ጳጉሜን ሲያልቅም ለአርሴማ ስትል ሁለት ሱባዔ ጨምራ ቀጠለች። ታዲያ በጳጉሜን የመጀመሪያ ቀን ኩባያውን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ አንድ ነገር ከለከላት። ወደ ተቀደሰ ውሃ የሚሄድ እጅ ሽንት ሲያገላብጥ? አይሆንም አለች። መጀመሪያ ጸበሉ፣ ከዚያ ሽንቱ። ማንንም አላማከረችም፤ ለእግዚአብሔር ክብር የሚደረግ ነገር ምን ምክር ያስፈልገዋል ብላ።

ከጸበል መልስ ወረቀቱን ነከረች። ካሬዎቹ ንጹሕ! በማግሥቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛው ቀንም። እንደዚህ ያለ ንጹሕ ወረቀት ከሰኔ ጀምሮ አይታ አታውቅም። ፅጌ ማርያም ዳንሁ አለች። ለማኅበሩ ተናገረች፣ የሚሳበውን መድኃኒትም አልፈልግም አለች፤ አርሴማ ከማረችኝ ወዲያ የሰው መድኃኒት መሳብ አለማመን ይሆንብኛል ብላ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

መስከረም 3 ቀን ጀሊላ ዘንዘልማ መጣች። ፊቷ ጥሩ አልነበረም። ቁጭ ብላ ከኪዲ ጋር ስለ በዓሉ ተጨዋወተች፣ ጠላ አትጠጣምና ለስላሳ ቀረበላት፣ እሱንም ሳትጨርሰው ተወችው።

«እማማ፣ እንዳይቆጡኝ» አለች በመጨረሻ። «ከጳጉሜን ጀምሮ የላኩት ወረቀት ሁሉ አምስተኛው ካሬ ባዶ ነው። ሽንት አይመስልም። ዶክተሩ፣ ጀልባው እንዳይቀርባቸው ብለው ውሃ ጨምረውበት ይሆናል አሉ። ከጥናቱ ሊያስወጡዎት ነው።»

«ምን ጨምሬ?»

«ውሃ።»

ፅጌ ማርያም ብድግ አለች። ነጠላዋን አጣፋች። «ስሚ አንች ልጅ። አርባ ዓመት ሙሉ ጠላዬ ላይ ውሃ ጨምሬ አላውቅም። ብር በሚያመጣው ያልጨመርሁ፣ በማይሸጠው ልጨምር?»

ኪዲ በነጠላዋ ጫፍ አፏን አፈነች። ጀሊላም መሳቅ ፈልጋ ፈራች። ፅጌ ማርያም ግን አልሳቀችም፤ እንባዋ ነው የመጣው። ከጥናቱ ከወጣች ወረቀት የለም፣ ወረቀት ከሌለ ኪዲ አትለቃትም፣ አርሴማም ሁለተኛ ዓመት በባዶ ትቀራለች። ይባስ ብሎ ደግሞ ውሸታም ተብላ። ጀሊላ አንድ ቀን ብቻ እንዲታገሥ ዶክተሩን ልለምንልዎት ብላ ተነሣች። ስትወጣ የሚሳበውን መድኃኒት መተዋን ከኪዲ ሰማችና በሩ ላይ ቆማ እጇን ይዛ ለመነቻት፤ ፅጌ ማርያም ግን እሺ አላለቻትም።

ከሰዓት በኋላ ኪዲ ለበዓሉ የተጠመቀውን ጠላ ቀድታ ጨርሳ፣ ድፍድፉ ላይ ውሃ ደገመችበትና ቅራሪውን ለቤት ሰው በብርጭቆ ቀዳች። ፅጌ ማርያም ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሣችው። ቀጭን ነው፣ ነጣ ያለ፣ ጣትን ከወዲያ ያሳያል። ይህን መልክ የት ነው ያየሁት አለች። ከዚያ ትዝ አላት፤ ጠዋት ኩባያዋ ውስጥ ነው ያየችው።

ብርጭቆውን አስቀመጠች። ቅራሪ እኮ ጠላ መሆኑን አልተወም፤ ውሃ በዛበት እንጂ ጌሾውም ብቅሉም እዚያው አለ። ሁለት ጆግ ውሃ በባዶ ሆድ የጠጣች ሴት ምን ልትሸና ኖሯል? ምልክቱ አልጠፋም። ተሸፈነ እንጂ አልጠፋም።

ደስ ሊላት ሲል ፈራች። ተሸፍኖ ከሆነ እኮ፣ ከሥር ያለው ቀይ ሊሆን ይችላል።

ያን ቀን ማታ ከመተኛቷ በፊት ለንስሐ አባቷ ለአባ ወልደ ዮሐንስ ደወለች። እየተጨነቀች፣ ወደ ጸበል ከመሄዷ በፊት ሽንት በኩባያ ብትይዝ ድፍረት ይሆንባት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ልጄ፣ ሰው ጸበል ከመሄዱ በፊት አይሸናም እንዴ?»

«ይሸናል፣ አባቴ።»

«እንግዲያው መሬት ላይ ሲፈስ ያልተቆጣ አምላክ ኩባያ ውስጥ ሲገባ ምን ብሎ ይቆጣል? ታጥበሽ ሂጂ። መድኃኒቱንም ሳቢ፤ ሐኪሙንም የፈጠረ እሱ ነው።»

በማግሥቱ ሁለት ኩባያ አዘጋጀች። አንዱን ከመኝታዋ እንደተነሣች፣ ሁለተኛውን ከጸበል ተመልሳ። ኪዲ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ነጭ ሰሃን ላይ አስቀምጣ ፎቶ አነሣች። ሁለተኛው እንደ ሰሞኑ ንጹሕ ነው። የመጀመሪያው አራት ካሬ ግን ደም መስሏል።

ፅጌ ማርያም ውሸታም አለመሆኗና ግርሻው ደጇ ላይ መቆሙ በአንድ ሰሃን ቀረበላት።

ጀሊላ ሰዓት ሳይሞላ ደወለች፤ ከጀርባዋ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፣ መድኃኒቱን ይዛ መንገድ ላይ ናት። ፅጌ ማርያም የአምስት ቀን ክኒን ጀመረች፣ የሚሳበውንም ቀጠለች። ጸበሏንም አልተወችም፤ ወለተ ሚካኤል በየጠዋቱ በጠርሙስ እያመጣችላት፣ መጀመሪያ ኩባያው፣ ቀጥሎ ጸበሉ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሳሉ መጣ። ክፉ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብላ ነው ያደረችው፣ ኪዲም ጀርባዋን እየደገፈች። ግን ትንፋሿ አልተቆረጠም። በስምንተኛው ቀን ከአልጋዋ ተነሥታ ፊቷን ታጠበችና ሽሮ አምጡልኝ አለች።

በዚህ መሃል ጀሊላ የስልሳ አራቱን ሰው ፎቶ አንድ በአንድ ገለጠች። በጳጉሜን ወረቀታቸው የነጣ አሥራ ሰባት ሰዎች አገኘች። ለሁሉም ደወለች። አሥራ ሰባቱም ጸበል ላይ ነበሩ፤ አሥራ ሰባቱም፣ እንደ ፅጌ ማርያም፣ ለክብሩ ብለው ሽንቱን ወደ ኋላ ያደረጉ ናቸው። ማንም ለማንም አልነገረም፤ የአንድ አገር ሰው ልብ ግን አንድ ነው። ዶክተሩ ሁሉንም አጭበርባሪ ብሎ ሊሰርዝ ስማቸውን ጽፎ ጨርሶ ነበር። ከመካከላቸው ሦስቱ በአዲስ ወረቀት ሲታዩ እንደ ፅጌ ማርያም ቀልተው ተገኙ፤ መድኃኒታቸውንም በጊዜ አገኙ።

እሑድ ቀን ዶክተር አለበል ራሱ ዘንዘልማ መጣ። ረጅም ሰው ነው፤ በበሩ ጎንበስ ብሎ ገብቶ እንደጎነበሰ ቀረ። ይቅርታ ጠየቃት። ፅጌ ማርያም ወትሮ አንቱ ነው የምትለው፤ ያን ቀን ግን የናት አንደበቷ ቀደማት።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ እናቴ። ከደጋ ዳሞት።»

«የመሪጌታ ልጅ ሆነህ ጳጉሜን ጠፋችህ? ይችስ ልጅ እስላም ናት፣ አይፈረድባትም።»

ጀሊላ ከጥግ ሆና፣ የእሷ አያት የዘምዘም ውሃ ሲያገኙ ሳይጠጡ ምንም እንደማይነኩ፣ ስለዚህ እሷም ማወቅ እንደነበረባት ተናገረች። ዶክተሩ ሳቀ፣ ኪዲም ያን ቀን አፍና የያዘችውን ሳቅ ለቀቀችው። ቦርሳውን ከፍቶ አዲስ የታተመ የጥናቱን መመሪያ አወጣና አነበበላቸው። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት፤ ከምግብ በፊት፣ ከጸበል በፊት። ፅጌ ማርያም ደግመህ አንብብልኝ አለችው። ደግሞ አነበበ።

ከመስከረም 14 እስከ 27 ወረቀቱ አንድም ቀን አልቀላም። አምስተኛውም ካሬ እንደ ጉሽ ጠላ ወፍሮ ታየ። በ28 ቀን ጠዋት፣ አምና ትንፋሿ በተያዘበት መሳፈሪያ ላይ፣ ፅጌ ማርያም ጥላውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አቅፋ ቆመች። ጀሊላ ልትሸኛት መጥታ፣ ዳገት ላይ ከንፈሯን እንደ ፉጨት አሹላ ቀስ ብላ እንድትተነፍስ ደግማ አሳየቻት፣ አላህ ያድርስዎት አለቻት። ኪዲ ልጇን አዝላ ከጎኗ ተሳፈረች፣ ወለተ ሚካኤልም ከኋላ። ሐይቁ ያን ቀን ጸጥ ያለ ነበር፤ ጀልባው ሙሉ መዝሙር ነው።

በበዓሉ ዕለት ገና ሰው ሳይነሣ፣ ሳር ላይ ካደሩበት ቦታ ዞር ብላ ኩባያዋን አነሣች። ነጠላዋን ዘርግታ የጋረደችላት ወለተ ሚካኤል ናት። ወረቀቱንም ቀድማ ያየች እሷ ናት። «ንጹሕ ነው፤ ተነሽ» አለቻት።

ከዚያ ሄደች። መንገዱ ለደኅና ሰው ምንም አይደለም። ለፅጌ ማርያም ግን እያንዳንዱ እርምጃ ሥራ ነው። አሥር እርምጃ ትሄድና ትቆማለች፣ ከንፈሯን አሹላ ታስወጣለች፣ ደግሞ አሥር። የማታውቀው ሰው ሁሉ፣ «እናቴ፣ ጥላውን ልያዝልዎት» ይላታል፤ ራሷን ትነቀንቃለች። አንዱ ወጣት ቢያስቸግራት ጊዜ ኪዲ፣ «ተዋት፣ ስለቷ ነው» ብላ ገላገለቻት። አራት ጊዜ አረፈች። አምስተኛው ላይ ልትቀመጥ ስትል ቀና ብትል ቅጽሩ ፊቷ ነው።

በሩን ተሳለመች። ጨርቁን ራሷ ፈታች፣ ጥላውን ራሷ ዘረጋች፤ ወርቀ ዘቦው በጠዋቷ ፀሐይ ሲያብረቀርቅ ሕዝቡ ገለል አለላት። ቄሱ ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ። «በእጄ፣ በእግሬ» አለች፤ ቄሱ ምን እንደሆነ ባያውቁም፣ «ይቀበልልሽ» አሏት።

ታቦቱ ሲወጣ፣ አዲሱም ጥላ ከላይ ሲዞር፣ ፅጌ ማርያም እጇን አፏ ላይ አደረገች። አራት ዓመት ሙሉ እልልታ ስትጀምር ሳል ይቀማት ነበር፤ በኪዲ ልጅ ክርስትና እንኳ ሌሎቹ እልል ሲሉ እሷ ያጨበጨበች ሴት ናት። ኪዲ ደንግጣ እጇን ልትይዛት ስትል እልልታው ወጣ። ቀጭን ሆኖ ጀመረ፣ ከዚያ ወፈረ፣ ከዚያ ከሴቶቹ ሁሉ በላይ ሄደ። ሦስት ጊዜ አለች። በሦስተኛው መሬት ላይ ቁጭ ብላ እየሳቀች ትንፋሿን ጠበቀችው፤ እሱም መጣላት።

ሳንባዋ የዳነ እንዳይመስላችሁ፣ የጠበበው አልሰፋም። ዛሬም ባጃጅ መቆሚያው ድረስ አንዴ ታርፋለች፤ ጥናቱም ገና አላለቀም። ቤታችሁ ውስጥ ከጭስ ጋር የኖረች፣ ስትራመድ የምታርፍ እናት ካለች ግን እባካችሁ እርጅና ነው ብላችሁ አትተዋት፤ በዚህ ሳምንት ሐኪም ቤት ውሰዷት።